ያልተገኘች ቀዳዳ

ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ ሰው ላም ሲገዛ፣ ሰው ሱቅ ሲከፍት፣
እኔ ጀልባ ገዛሁ። አሮጌ። ከተዘጋ ሎጅ ጓሮ፣ ከቆሻሻ ክምር ፊት፤
ዶሮ ዕንቁላል ጥላባት፣ ሣር በቅሎባት በወገቧ፣
ሞተሯ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ እንደ በሽተኛ፣ ካጠገቧ።

«ጠብታ ውኃ አታስገባም!» ብሎ ማለ ባለንብረቱ፤
እታገኝ ቃኘችው፣ ከጫማው እስከ አናቱ።
«የሰውየው አፍ ያፈሳል፣ እንኳን ጀልባው» አለችና
ወደ ጓዳዋ ገባች፤ ስለ ጀልባ አላነሣችም እንደገና።

ክረምቱን ሙሉ ፋቅኋት፣ በብርጭቆ ወረቀት፤
ነጩ ሲነሣ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ቅላት፣
ከቅላቱ ሥር ደግሞ ስም፦ «እመቤት ፪»፣ በቡሩሽ የተጻፈ፤
(አንደኛዋስ? ሰጠመች? ወይስ ጌታዋ ቀድሟት አረፈ?)
ስሟን መፋቅ አቃተኝ። ዞሬው አለፍሁ፣ እንደ ጠባሳ፤
ዙሪያውን ቀለም ቀባሁ፤ ስሟ ቀረ፣ እንዳይረሳ።

ሞተሩ አሥራ አምስት ፈረስ ነው። አሥሩ ሞተዋል እላለሁ፤
ከቀሩት አምስት ሁለቱ ሲያነክሱ እሰማለሁ።
ካርቡሬተሩን ፈትቼ ነፋሁት፣ በቤንዚን አጥቤ፤
ካንዴላውን ጠረግሁት በእታገኝ የጥርስ ብሩሽ፣ እየመታ ልቤ።

ስንጥቋን ለጠፍሁ በፋይበር፣ በሙጫ፣ በሬንጅ፣ በጨርቅ፤
ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ የሽመና ማሽን የጠገንሁ ነኝ፣ ክር የት እንደሚበጠስ የማውቅ።
ውኃ ግን ክር አይደለም፤ የሚገባበትን አይናገርም።
ዱቄት ነሰነስሁ፤ ሻማ ይዤ ከሥሯ ተሳብሁ፤ የለም።

መስከረም ጠባ። ሌዳሞ፣ አሞራ ገደል ያደገው፣
እየሳቀ ገፋልኝ። ሐይቁን ገና እንቅልፍ አልለቀቀው፤
ታቦር ተራራ ተዘቅዝቆ ውኃው ላይ ተኝቷል፣
አባ ኮዳ ከዳር ቆሞ፣ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ፣ ክንፉን ወደ ኋላ አጣምሯል።
ገመዱን ሳብሁ። አንድ፣ ሁለት... ዘጠኝ፤ ጸጥ እንዳለ።
አሥራ ሁለተኛው ላይ ጭስ ተፋ፤ እንደ ሽማግሌ ሳለ።

ፊላው ጥግ አጠፋሁት። መንጠቆ ጣልሁ፣ በትል።
ለመብላት አይደለም፤ ዓሣማ ገበያው ሞልቶት የለ፣ እንደ ቅጠል።
ክሩ ድንገት ሲከብድ፣ ጣቴን ሲነዝረኝ፣
ከማላየው ዓለም አንዱ «አለህ ወይ?» ሲለኝ፣
ለዚያች ነው።

አምባዛ ያዘኝ (እኔ አይደለሁም የያዝሁት)፣ ጎተተኝ ከነጀልባዬ፤
ጢሙ የአጎቴን ይመስላል። ተያየን። ለቀቅሁት፣ ጌታዬ።
ያኔ እግሬ ቀዘቀዘኝ። ውኃ! እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣
ቀስ ብላ የገባች እንግዳ፣ ሳታንኳኳ፣ ከቤቴ።
በዱቄት ወተት ጣሳ እየቀዳሁ ደረስሁ፣ በስንት መከራ።

እንዲህ ሆነ እስከ ጥር። ቅዳሜ እለጥፋለሁ፣ እሑድ ታፈሳለች።
ሌዳሞ «ለማገዶ ሽጣት» ይላል። ፋይበር ናት፤ የት ትነዳለች!

አንድ እሑድ ግን እታገኝ መጣች፣ ጥላዋን ዘርግታ፤
ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ከፊት ተቀመጠች፣ በዝምታ።
ገመዱን ስስብ ቆጠረች፣ በጣቷ፣ ጉልበቷ ላይ፤
ስምንተኛው ላይ ሲነሣ፣ ቅንድቧ ብቻ አለ ወደ ላይ።

በፊላው ጥግ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሣ፣
ቆሮሶ ያዘች በእኔ መንጠቆ፤ የመጀመሪያዋ ዓሣ።
አልጮኸችም። ክሩን ይዛ፣ አንድ ነገር እንደሚያወራት፣
ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። ምን እንዳላት አልጠየቅኋት።

ከዚያ ውኃው መጣ። እግሯን ነካት። አፈርሁ፤ አንገቴን ደፋሁ፤
የምትለውን ሁሉ ቀድሜ፣ በእሷው ድምፅ፣ በሆዴ ለፈፍሁ።

እሷ ግን ጎንበስ አለች።
ጣሳውን ከወንበሩ ሥር አወጣች (ቦታውን ማን ነገራት?)፣
ቀዳች፣ ደፋች፣
ቀዳች፣ ደፋች፣
ዕድሜዋን ሙሉ ጀልባ ላይ እንደኖረች።
«ብሩሼን ደግሞ» አለች፣ ቀና ሳትል፣ «ሌላ ግዛልኝ።»

ቀዳዳዋ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።
ጣሳው ግን ሁለት ሆኗል።